ሸይባ ነው ያለችው

በዚህ ቤት እኔ የተናገርሁት ነገር መጀመሪያ ይሳቅበታል፤ እውነት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ማን እንደተናገረው ይረሳል። ለምጄዋለሁ። ፊደል ስላልቆጠርሁ ዐይንም የሌለኝ ይመስላቸዋል።

ባለፈው ሰሞን «የአኑዋር ቀኝ እጅ ደህና አይደለም» አልሁ። አኑዋር ታናሽ ወንድሜ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ከገዳሪፍ ፖርት ሱዳን ሎሪ ሲነዳ ኖሮ፣ ካርቱም ላይ ቤት ሠርቶ፣ ጦርነቱ ሲነሳ ቤቱን እንደቆመ ጥሎ እኔ ዘንድ ገዳሪፍ የገባ ሰው ነው። ነጭ ጢሙ ደረቱ ላይ ይወርዳል፤ ሎሪ ሲነዳ እንኳ አቧራ እንዳይነካው በሻሽ ይሸፍነው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው አሁን አሁን የጢሙ ግራ ተበጥሮ ቀኙ እንደተኛበት ተጨፍልቆ ይውላል። ሻዩን በግራው ነው የሚጠጣ። ከአልጋ ሲነሳም በግራ ክንዱ ተደግፎ ነው። እኔ ይህን አየሁ፤ ያየሁትን ተናገርሁ።

የልጅ ልጄ ኢሀብ ገበያ መሃል ጸጉር ቤት አለው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጢም በማሽን ሲያስጮህ ስለሚውል የጢም ነገር ከእሱ ወዲያ የሚያውቅ ያለ አይመስለውም። እኔን አያቱን በሱዳንኛ ነው የሚጠራኝ። «ሐቦባ፣» አለኝ፤ «ሸይባ ነው ወይስ ሽባ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አኑዋርም ሳቀ፣ በግራ እጁ ጢሙን እየደባበሰ።

ይህ ቀልድ በዕድሜ የኢሀብን አባት ይበልጣል። ሰርግ ላይ ተነግሯል፤ ለቅሶ ላይ ሰው ዝም ዝም ሲል ተነግሯል፤ እኔ ስዳር አማቶቼ ፊት ሳይቀር ተነግሯል። የሚያውቁት ግን ግማሹን ነው። ያ ግማሽ ስለ እኔ ነው። የቀረው ግማሽ ስለ አባቴ ነው፤ እሱን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሳልጠየቅ እናገረዋለሁ።

አባቴ አብዱልናስር ይባላል። ከጎንደር መተማ፣ ከመተማ በገላባት ተሻግሮ ገዳሪፍ የገባ ነጋዴ ነው። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነበረች፤ ሳሙናው፣ ሻይ ቅጠሉ፣ ቅርንፉዱ፣ ሰንደሉ አንድ ላይ ይሸታል። እናቴ ቱርካ፣ እኔ፣ ገና ጡት የሚጠባው አኑዋር፣ ሁላችን ከኋላ ክፍል ነን። እኔ መተማ ተወልጄ በእናቴ ጀርባ ድንበሩን የተሻገርሁ ነኝ። የወተት ጥርሴ ገና አልተነቀለም፤ አረብኛውም ጆሮዬን ያንኳኳል እንጂ ገና አልገባም።

የአባቴ ጢም በጎልማሳነቱ ነው የሸበተው። እሱም አላፈረበትም። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ግቢያችን ካለችው የኒም ዛፍ ላይ መስታወት ይሰቅላል፤ ለብ ያለ ውኃ በጣሳ ያስቀምጣል። ሳሙናውን ጢሙ ላይ አያሽም፤ መዳፉ ላይ አሽቶ አረፋውን ብቻ ያስነካዋል። ሲደርቅለት ፀሐይ ላይ ባቆየው የሰሊጥ ዘይት ጣቱን ይነክርና ከሥር፣ ከቆዳው ይጀምራል። ማበጠሪያው የቀንድ ነው። ከጫፍ ተነስቶ እየፈታ ወደ ላይ ይወጣል። «ከላይ ወደ ታች የሚጎትት ሰው የሚያበጥረው ጢም ሳይሆን የበቅሎ ጭራ ነው» ይለኝ ነበር። በመጨረሻ መቀሱን አንስቶ ሪዙን ያሳጥራል፤ የላይኛው ከንፈሩ እስኪገለጥ ድረስ። ሪዙን ያላሳጠረ ሰው መስጊድ ሲገባ ያፍርለት ነበር። እኔ እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ የሚወድቀውን ነጭ ፀጉር እለቅማለሁ። ጉንዳን ወስዶ ጎጆ እንዳይቀልስበት ብዬ ነው።

አንድ ኸሪፍ፣ ዝናቡ የገዳሪፍን ጥቁር አፈር እንደ ገንፎ ባላቆጠበት ወራት፣ አባቴ ታመመ። «ንዳድ ነው» ተባለ። ከኋላ ክፍል ተኛ፤ እናቴ ሱቁን ያዘች። ሲነሳ በግራው ምርኩዝ ይዞ፣ በቀኙ ሙስበሓ፣ የዚክር መቁጠሪያውን፣ ይዞ ተነሳ። ምርኩዙ አማረበት አልሁ በሆዴ። ሙስበሓው ግን ገረመኝ፤ ድሮ ሲቆጥረው ጠጠሮቹ ጠቅ ጠቅ ይሉ ነበር፣ አሁን ድምፅ የላቸውም። ቀስ ብሎ በልቡ እየቆጠረ ነው ብዬ ተውሁት።

ሙስበሓውን ጣቶቹ መሃል ጠምጥማ የምታስይዘው እናቴ ነበረች። ዚክር ላይ ያለን ሰው ማን እጅህን ስጠኝ ይለዋል? ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው።

የመጣው ዓርብ መስታወቱ ከኒሙ ላይ አልተሰቀለም። የሚቀጥለውም ዓርብ እንዲሁ። የጢሙ ነገር ወደ ሐሙስ ከሰዓት ተዛወረ፤ ከደጅም ወደ ውስጥ ገባ። እናቴ ሱቁን ትቀረቅርና አኑዋርን እኔ ጀርባ ላይ አዝላ በሩን በላያችን ትዘጋዋለች። እኔ ጆሮዬን ከሳንቃው ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ።

«ቀና በል።»

አባቴ አንድ ነገር ያጉረመርማል።

«ዝም በል። ከንፈርህን ግጠም። ግጠመው እንጂ! ... እሺ፣ ተወው፣ እኔ እይዘዋለሁ።»

ከዚያ መቀሱ ነው። ከዚያ እናቴ በአፍንጫዋ ትስቃለች፤ «እንዴት ያለ ጎረምሳ ነህ ዛሬስ!» ትለዋለች። ደስ አለኝ ልበል? አልልም። ቀናሁ። ነጭ ፀጉር መልቀም የእኔ ሥራ ነበር።

ሂናው ከዚያ በኋላ መጣ። እናቴ ዱቄቱን በሻይ ውኃ ለውሳ በሳህን ፀሐይ ላይ ታኖረዋለች፤ ግቢው እርጥብ ሣር እርጥብ ሣር ይሸታል። ጢሙን ለቅልቃ፣ ከአገጩ እስከ አናቱ እንደ ጥርስ ሕመምተኛ በጨርቅ ታስረዋለች። ጨርቁ ሲፈታ ያ ነጭ ጢም የብርቱካን ልጣጭ መስሎ ወጣ። ከደጅ ያለፈው ሁሉ ጢሙን እያየ «ማሻአላህ!» ማለት ጀመረ። ጢሙን ነው የሚያዩት። ከጢሙ በላይ ያለውን፣ በቀኝ በኩል ወደ ታች ዘንበል ያለውን አፉን የሚያይ የለም። እናቴ ሂናውን ያመጣችው ለዚሁ ነበር። ሪዙንም በቀኝ በኩል አስረዝማ በከንፈሩ ላይ ያወረደችው ለዚሁ ነው። ከንፈሩን ላልገለጠ ሰው የሚያፍረው አባቴ፣ የገዛ ከንፈሩ ተሸፍኖ ኖረ።

እኔ ግን ያኔ ሂና የሚቀባ ወንድ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ ጎረቤት ሰርግ ላይ እጁን ሂና የሚለቀልቁት ዓሪስ፣ ሙሽራ ማለት ነው። ስለዚህ አባቴ ሊያገባ ነው አልሁ። ማስረጃም አገኘሁ፤ ከሳንቃው ጀርባ።

«እስማኤል ለሮመዳን እመጣለሁ ብሎ ልኳል» አለች እናቴ። እስማኤል የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ኑሮው መተማ ነው።

አባቴ እንደ ሰነፍ ሰው ቃሉን እየጎተተ፣ «ይምጣ» አለ።

«ካወቀ ሱቁን ይዘጋል። አንተንም ልጆቹንም መተማ ይወስዳችኋል። እኔን ለእናቴ ይመልሰኛል፤ ከመጀመሪያውም አልወደደኝም። ታዲያ ምን ላድርግ? እንዳይታይ አድርጌ ማሳመር ነው እንጂ።»

አጎቴ ሙሽራ ይዘው ሊመጡ ነው፤ ለሙሽራይቱ ቦታ ልንለቅላት ነው። እኔ የሰማሁት ይህን ነው። እናቴ ደግሞ ለሌላ ሴት የሚሆነውን ጢም በገዛ እጇ የምታሳምር ሞኝ ሆና ታየችኝ። ጣቶቿ ሁሉ ብርቱካን ሆነው ሳይ አለቅስላት ነበር።

እንግዲህ ወደ ቀልዱ።

ጎረቤታችን ኻላ አማል የገዳሪፍ ተወላጅ ነበረች፤ ሰፊ፣ ሳቂታ፣ መጎናጸፊያ ቶቧ ሁልጊዜ ከትከሻዋ የሚንሸራተት። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ሱቁ ተዘግቶ ብታገኘው በግቢው በኩል ገባች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና አባቴን ሂናው በጨርቅ ታስሮ አየችው። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ጉንጬን ቆነጠጠችና፣ «ያ ሰኪና! አቡኪ ሸይባ ቢጋ ዓሪስ!» አለችኝ። ሽማግሌው አባትሽ ሙሽራ ሆነ ማለቷ ነው። ሸይባ ሽበታም ማለት ነው። ዛሬማ የአዲስ አበባ ልጅ ሳይቀር ሽማግሌውን «ሼባ» ይላል አሉ። ያኔ ግን እኔ የማውቀው ሽባን ነው። መተማ መስጊድ ደጃፍ በመዳፉ እየተራመደ የሚለምን አንድ ሰው ነበር፤ እግሮቹ ከኋላው ይከተሉታል። ልጆች ሁሉ «ሽባው» ነበር የሚሉት።

ዓሪሱን ረሳሁት። ሙሽራይቱንም ረሳኋት። አኑዋርን እንዳዘልሁ ወደ መንገዱ ወጣሁ። የዓስር ሶላት ሰግደው የሚመለሱ ሰዎች የሱቁ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ነበር፤ ግማሾቹ የእኛው አገር ነጋዴዎች ናቸው።

«አባቴ ሽባ ሆነ!» ብዬ ጮህሁ። «ኧረ አባቴ ሽባ ሆነ!»

ሰዎቹ ዘለው ተነሱ። አንደኛው ምርኩዙን ጣለ። ወደ በሩ ሲተምሙ በሩ ከውስጥ ተከፈተና አባቴ ደፉ ላይ ቆመ። ጨርቁ ተፈቷል፤ ብርቱካን ጢሙ ጀላቢያው ላይ ይንጠባጠባል። ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። እናቴ በቀኙ በኩል ክንዷን በሰፊው እጅጌው ሥር አስገብታ ተጠግታዋለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሰዎቹ አባቴን አዩ፤ እኔን አዩ።

ኻላ አማል ከኋላዬ እያለከለከች ደረሰች። «ሸይባ!» አለች፣ ደረቷን እየመታች። «ወላሂ ሸይባ ነው ያልኋት!»

አንድ የጎንደር ሰው ቀድሞ ገባው፤ ለሌሎቹ አስረዳቸው። ከዚያ መንገዱ ሁሉ በሳቅ ሆነ። ሱዳኖቹ የአማርኛውን ሲሰሙ፣ የእኛዎቹ የአረብኛውን ሲሰሙ፣ አንዱ ሌላውን እየያዘ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው እናቴ ነበረች። «አይ ልጄ! አይ የኔ ነገር! ሸይባን ሽባ አለችው!» እያለች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። አባቴ ጢሙን ብቻ ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡና በሩ ተዘጋ።

ያን ቀን ሰውን ሁሉ ጠላሁ። እናቴን ግን አብልጬ ጠላሁ፤ ቀልዱን እዚያ አልተወችውምና። የውኃ ቀጂ ሴቶችን አስቁማ ትነግራለች። ሳሙና ለሚገዛ ሰው ትነግራለች። ለማያውቀን መንገደኛ ትነግራለች፤ ከገላባት ለመጣ፣ ወደ ሾዋክ ለሚያልፍ፣ ማንም ይሁን። እኔን እጄን ይዛ ወደ ፊት ትጎትተኛለች፤ «ይችውላችሁ! ይችው ናት!» ትላለች። እኔ ዐይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ እናት እንዴት የገዛ ልጇን መሳቂያ ታደርጋለች እላለሁ።

ለምን እንደሆነ የገባኝ አያት ከሆንሁ በኋላ ነው ብል ማን ያምነኛል? ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ ሰፈር የአባቴን ስምና ሽባ የሚለውን ቃል አንድ ላይ ያነሳ ሰው ሁሉ ይስቃል። አንዱ «አብዱልናስር ምነው እግሩን ጎተት አደረገ?» ሲል ሌላው፣ «ልጁ ሽባ ነው ብላለች!» ይላል፤ በሳቅ ያልቃል። «ምነው ዝምተኛ ሆነ?» ሲሉ «ሙሽራ ነዋ!» ነው። ኻላ አማል ራሷ አንድ ቀን እናቴን፣ «ሪዙን ምነው አስረዘመው?» ብትላት፣ «የዓሪስ ሪዝ ነው፣ አንቺ ምን አገባሽ!» ብላ ሳቀች። እናቴ ከእኔ ስህተት መጋረጃ ሠርታ ደጃፋችን ላይ ሰቀለችው። እውነቱን የጮህሁት እኔ ነበርሁ፤ በተሳሳተ ቃል ገብቼ። ያረሙኝ ሰዎች ናቸው የተሳሳቱ።

ሮመዳን ገባ። አጎቴ እስማኤል ከገላባት በሎሪ መጡ። ሙሽራ ይዘው ይሆናል ብዬ ሎሪውን ዞርሁት፤ ከጎማውና ከሽንኩርቱ ጆንያ በቀር ምንም የለም። ኋላ ትመጣለች ማለት ነው አልሁ።

አገሩ እንዲህ ነው፤ በሮመዳን ወንዱ ቤቱ ውስጥ አያፈጥርም። ከየቤቱ ሰሌን ይወጣና መንገዱ ላይ ይነጠፋል፤ ትሪው ይወጣል፤ መንገደኛ ሁሉ እየተጎተተ ይቀመጣል። ሁሉም ከአንድ ትሪ በቀኝ እጁ ይበላል። አባቴ ከታመመ ወዲህ ከሰው ጋር በልቶ አያውቅም፤ «ኮራ» እየተባለ ይታማ ነበር። ወንድም ከአገር መጥቶ ግን ሰሌኑ ላይ አለመቀመጥ አይቻልም።

ያን ቀን እናቴ ጢሙን ከቀትር ጀምራ ያዘችው። በሩን አልዘጋችብኝም። አጠበችው፣ ዘይት አስነካችው፣ ከጫፍ ጀምራ እየፈታች ወደ ላይ ወጣች፤ ልክ እሱ ያደርገው እንደነበረው። በቀኝ በኩል ስትደርስ እጇን ቀለል አደረገች። አባቴ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። ስትጨርስ እኔን ጠራችኝና አገጬን ያዘችኝ።

«ስሚ። ዛሬ ከአባትሽ ቀኝ ትቀመጫለሽ። አዛን ሲል ቴምሩን አንቺ ታጎርሽዋለሽ። ዓሲዳውንም አንቺ። በዚህኛው ጉንጩ በኩል» ብላ ግራውን ነካች። «ጢሙ ላይ የወደቀ እንደሆነ በዚህ ጨርቅ ጠረግ ነው። ቶሎ ቶሎ። በዚህ በቀኙ በኩል በደንብ እይ።»

«ለምን?»

«አጎትሽ አባትሽን እንዴት እንደምትወጂው ይዩዋ።»

ገባኝ አልሁ። ሙሽራይቱን ልናሸንፋት ነው። ልጁ በእጇ የምታጎርሰው ሰው ምን ሊያደርግ ሌላ ሴት ያገባል?

ፀሐይዋ ከሱቆቹ ጣሪያ በታች ስትወርድ ሰሌኑ ላይ ነበርን። ዓሲዳው፣ የማሽላ ገንፎው፣ ትሪው መሃል እንደ ጉብታ ተቀምጦ፣ ሙላሁ፣ የሱዳኖቹ ወጥ፣ ዙሪያውን ከቦታል፤ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሒሉ ሙር አለ፤ ጎምዘዝ ጣፈጥ የሚለው ቀይ መጠጥ። አጎቴ ከፊታችን ተቀመጡ። ዐይናቸው በሬ የሚገዛ ሰው ዐይን ነው፤ ጥርስ ይቆጥራል። አዛኑ አለ። እጆች ሁሉ ወደ ትሪው ሄዱ። የአባቴ አልሄደም። እኔ ቴምሩን ፍሬውን አውጥቼ በግራ ጉንጩ በኩል አጎረስሁት።

«አብዱልናስር፣» አሉ አጎቴ፣ «እጅህን ታስረሃል እንዴ?»

እናቴ ከበሩ ጀርባ ነበረች፤ የነጠላዋ ጫፍ ይታየኛል። የነጠላው ጫፍ ጸጥ አለ።

አባቴ አፉን ሊከፍት ሲል እኔ ቀደምሁት። «እኔ ነኝ የማጎርሰው!» አልሁ። «ለማንም አላስነካም! ሙሽራም ብትመጣ አላስነካትም!»

የእኛ አገር ሰዎች በሳቅ ወደቁ። ሱዳኖቹ ምን አለች አሉ፤ ተነገራቸው። «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» አሉ፤ ሱዳን ጉርሻ የለምና አዲስ ነገር ሆነባቸው። አንድ ሽማግሌ «የሐበሻ ሴት ልጅ ትውለድልኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ። «ይችው እኮ ናት፣ ሽባ ያለችው!» አለ ሌላው። እንደገና ሳቅ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሥራ ላይ ነበርሁ። ዓሲዳውን በሦስት ጣት እያድበለበልሁ፣ በሙላሁ እየነከርሁ አጎረስሁት። ከከንፈሩ ጥግ የሚያመልጠውን፣ ብርቱካን ጢሙ ውስጥ የሚገባውን እየጠረግሁ። ጢሙ የሰሊጥ ዘይት ይሸታል። አባቴ እያኘከ ያየኝ ነበር፤ ዐይኑ እንባ ሞላ። ሙላሁ ውስጥ ያለው በርበሬ መስሎኝ ሒሉ ሙሩን አስጎነጨሁት።

በርበሬ አልነበረም። ይህን ለመናገር ማንም አያስፈልገኝም።

አጎቴ ጥቂት ሰንብተው ሄዱ። ሎሪው ሊነሳ ሲል እናቴ ስንቅ ይዛ ወጣች፤ እኔ ቀሚሷን ይዣለሁ።

«ቱርካ፣» አሏት፣ «የወንድሜን ጢም ማነው እንዲህ የሚያሳምርለት?»

«ራሱ ነዋ፣ ማን ሊሆን።»

አጎቴ ብርቱካን ጣቶቿን አዩ። ረጅም ጊዜ ነው ያዩአቸው። «ጥሩ እጅ አለው በይልኝ» አሉና ወደ ሎሪው ወጡ። አውቀው እንደሆነ፣ አውቀውም ምሕረት አድርገውልን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ያኔ ሙሽራይቱን አባረርኋት ብዬ መንገዱን እየዘለልሁ ነው የተመለስሁ።

አባቴ በሚቀጥለው ኸሪፍ ሞተ። ያጠቡት ሰዎች ከክፍሉ ሲወጡ ለማንም ምንም አልተናገሩም፤ አንደኛው ግን እናቴ ፊት ቆሞ ራሱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ቀልዱን አንድም ቀን አልተናገረችም። የተናገሩት ሌሎቹ ናቸው።

እውነቱን የነገረችኝ እርጅና ሲይዛት፣ እኔ ባሱንዳ ትዳር ይዤ ሳለሁ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ነው። ባሌ ጢሙን ሲያበጥር አይታ በድንገት ማልቀስ ጀመረች። «ሐኪም ቤቱ ከደጃችን ይታይ ነበር» አለችኝ። «ነጭ ለባሾቹ ሲገቡ ሲወጡ አያቸው ነበር። ግን እዚያ የገባ ሰው ይወራል። እስማኤል ይሰማል። አሳምሬ ደበቅሁት ልጄ፤ ደብቄ ገደልሁት።» «አልገደልሽውም» አልኋት። እሷም አላመነችኝም፤ በዚህ ቤት ማን አምኖኝ ያውቃል? ለአኑዋር ብነግረው «እማ አርጅታ ነው፤ አባባ ኩሩ ሰው ነበር፣ ጢሙን ይወድ ነበር፣ አለቀ» አለኝ። እሱ ያን ጊዜ እኔ ጀርባ ላይ ተኝቶ ነበር።

ትናንት ከዓስር በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ኢሀብ ሥራው ላይ ነው፤ ሴቶቹ ገበያ ወጥተዋል። አኑዋር ከጥላው ሥር አንገረቡ፣ የገመድ አልጋው፣ ላይ ተቀምጧል። ማበጠሪያውን በግራው ይዞ፣ የቀኙን ጢም ለመድረስ አንገቱን ያጣምማል። እኔ ሩዝ እየለቀምሁ አየዋለሁ፤ አላፈጠጥሁበትም።

«እታለም» አለኝ። ስሜን ትቶ እታለም የሚለኝ ሲቸግረው ነው።

«አቤት።»

«ዓርብ እንግዳ አለ። ይህን በቀኝ በኩል አንቺ አበጥሪልኝ።» ወደ በሩ አየ። «ለልጆቹ አትንገሪ። ይሻለኛል፣ ድካም ነው።»

ሩዙን አስቀምጬ ሄድሁና አጠገቡ ተቀመጥሁ። ቀኝ እጁን አነሳሁት። እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው፤ መዳፉ ቀዝቅዟል። ጣቶቼን መዳፉ ውስጥ አድርጌ «ጨብጠኝ» አልሁት። አልጨበጠኝም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«አንድ ጠዋት ስነሳ ነው። ከዚያ ትንሽ ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ...» ተወው። «ቤቴን ጥዬ መጣሁ። የሰው እጅ እያየሁ ነው የምበላ። አሁን ደግሞ እህቴ ቤት ሽባ ልሁንልሽ?»

ቃሉን አወጣው። አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም። ከዚያ ቀልድ ጋር ዕድሜያችንን ሙሉ ኖረን ሳንስቅ ስንሰማው የመጀመሪያችን ነው።

እናቴ ብትሆን ለብ ያለ ውኃ ታመጣ ነበር። እጄም ያን ያውቃል፤ ዘይቱን፣ ከጫፍ መጀመሩን፣ በቀኝ በኩል ቀለል ማለቱን፣ ሁሉንም ያውቃል። ማበጠሪያውን ከእጁ ወሰድሁና ጉያዬ ሥር ሸጎጥሁት። ስልኬን አወጣሁ፤ ቁጥር አላውቅም፣ የኢሀብን ምስል ግን አውቀዋለሁ፤ ነካሁት። «የያዝኸውን ራስ ግማሽ ላይ ተወውና ራክሻ ይዘህ ና» አልሁት፤ ባጃጅ ማለቴ ነው። «ሐቦባ፣ ሰው እየላጨሁ...» ሲል ዘጋሁበት።

«ምን አደረግሽ?» አለ አኑዋር።

«ሐኪም ቤት ልወስድህ ነው።»

«እንዲህ ሆኜ? ጢሜን እንኳ ሳታበጥሪኝ? መንገድ ላይ ሰው ያየኛል እኮ፣ እታለም።»

«ይይህ። ተነስ፣ ጫማህን አድርግ።»